የሰፈራችን የዓመቱ አጥፊ

ለ2091 ዓ.ም. የወንዝ ማዶ ሰፈር አጥፊ እንዲሆኑ ዕጣ የወጣባቸው ጋሽ እንድሪስ ሙሄ ናቸው። ዕጣው የወጣው እንደ ወትሮው በጳጉሜ፣ በቅሬያችን አዳራሽ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ደሴዎች ቅሬ እንለዋለን። እኔ የቅሬው ጸሐፊ ስለሆንኩ ስማቸውን ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ሳነበው አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ሁሉም ተነሥቶ አጨበጨበላቸው፣ ብርቱካንማውን የአጥፊ ባርኔጣ አጠለቅንላቸው፣ እሳቸውም እጅ ነሥተው «እንግዲህ እንዳላሳፍራችሁ ዱዓ አድርጉልኝ» አሉ።

ሳቁ ያለ ምክንያት አልነበረም። ጋሽ እንድሪስ የውሃ ፓምፕ ጥገና ጡረተኛ ናቸው። ዝንብ ከቤት የሚያስወጡት መስኮት ከፍተው በልመና ነው። በአርባ ዓመት የሥራ ዘመናቸው አንድ ቀን አርፍደው ያውቃሉ፤ ለዚያችም ቀን ይቅርታ የጠየቁበት ደብዳቤ ሦስት ገጽ ነበረው ይባላል። እንዲህ ያለውን ሰው አጥፋ ማለት ዶሮን ዋኚ እንደ ማለት ነው። ዕጣ ግን ዕጣ ነው።

አጥፊ ለምን እንደሚሾም ወጣቶቹ እየረሱት ስለሆነ ላስታውስ። እኔ ልጅ ሳለሁ ሌባ የሚባል ሰው ነበር። አምባሩ በየሰው ክንድ ላይ ከታሰረና የእያንዳንዱ ሰው ንዴትና ሐሳብ በቀለም መታየት ከጀመረ ወዲህ ሌባውም፣ ተደባዳቢውም፣ አጭበርባሪውም ቀረ። ሦስት ዓመት ሰላም ሆነ። በአራተኛው ዓመት እንዶድ በር በሚባለው ሰፈር አንድ ሰውዬ አፉን ሳይሸፍን አዛጋ ተብሎ ከቅሬ ተባረረ። በሳምንቱ አንዲት ሴትዮ ልብሷን ስታሰጣ ካልሲ ከቀሚስ አስቀደመች ተብላ ተከሰሰች። ዓመቱ ሲያልቅ ከስልሳው ቤት አሥራ ዘጠኙ ሰላምታ የማይገባው ሆኖ ተገኘ። ምሁራን መጥተው አጠኑና ሰው የሚኮንነው ሲያጣ ጎረቤቱን ይኮንናል አሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰፈር በዓመት አንድ አጥፊ እንዲኖረውና ሁሉም በእሱ ላይ ተቆጥቶ ልኩን እንዲያውቅ ተወሰነ።

ሥራው በወረቀት ቀላል ነው። አጥፊው በዓመት ውስጥ አንድ እውነተኛ ጥፋት ይፈጽማል። የሰባት ጎረቤት አምባር ከቀላ ጥፋቱ ይመዘገባል፣ ባርኔጣው ይወርዳል፣ የነጻነት ወረቀት ይሰጠዋል። እስከዚያ ድረስ ግን ቅሬው በለቅሶ ካልሆነ በቀር በቤቱ ድንኳን አይተክልም፣ ድስት አይጥድም። ጳጉሜ እስኪያልቅ ካላጠፋ ሹመቱ ለሁለተኛ ዓመት ይታደሳል።

ያለፈው ዓመት አጥፊ ወይዘሮ አስናቀች በሦስት ቀን ነው የጨረሱት። ክርስትና ቤት ገብተው፣ ሕፃኑን አቅፈው፣ ጥቂት ካዩት በኋላ «ለመሆኑ ማንን ነው የመሰለው?» አሉ። አሥራ አንድ አምባር ባንዴ ቀላ። ወረቀታቸውን ይዘው ቢወጡም እስከ ዛሬ ክርስትና የሚጠራቸው የለም፤ እንዲያውም በሰፈሩ ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር አስናቀች አለፈች ወይ ይባላል።

ጋሽ እንድሪስ የቸኮሉበት ምክንያት ነበራቸው። አንድ ልጃቸው ረምላ የሹመቱ ዓመት አልቆ በሚመጣው መስከረም ስምንት ልትዳር ቀን ተቆርጧል። እጮኛዋ በጅቡቲ መስመር ባቡር ላይ ስለሚሠራ ፈቃድ የሚያገኘው በዓመት አንዴ፣ በመስከረም ብቻ ነው። የረምላ እናት ከሞቱ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሲሞቱ ያሉት ነገር ቢኖር «ልጄ ስትዳር ቤቱ ሰው ይሙላ» ነው፤ ይህን እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ። ዓመቱን ሙሉ በጋሽ እንድሪስ አእምሮ የነበረው ይህ ብቻ ነው። ባርኔጣውን ካላወረዱ ቅሬ አይመጣም፣ ቅሬ ካልመጣ ቤቱ አይሞላም።

ጥቅምት ላይ ጀመሩ። የዳቦ ሰልፍ ላይ ሃያ ሰው ዘለው ፊት ቆሙ። ሰልፈኛው ሁሉ ገለል አለላቸውና ከኋላ አንዱ «እግራቸውን ያማቸዋል መሰለኝ፣ ወንበር የለም?» አለ። ወንበር መጣ። ኅዳር ላይ ሰላም ስንላቸው ዝም ብለው ማለፍ ያዙ፤ ሦስት ጎረቤቶች ግራና ቀኝ ይዘው ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው። ጥር ላይ ገና ጎህ ሳይቀድ ዘፈን በድምፅ ማጉያ ለቀቁ፤ ሰፈሩ ምስኪን ለልጁ ሰርግ ዜማ እየመረጠ ነው ብሎ ከአልጋው ሆኖ አጨበጨበ። እኔን በአደባባይ ሰድበውኛል። ስድቡን ሲጨርሱ ላብ አጥምቋቸው ስለነበር ውሃ አቀበልኳቸው። «ተቀየምክ?» ብለው አምባሬን አዩ። አረንጓዴ ነው። ምን ላድርግ?

መጋቢት ላይ በጠራራ ፀሐይ የእማማ ዘሀራን ዶሮ ሰረቁ። እማማ ዘሀራ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው እያዩዋቸው ነው።

«ምነው እንድሪስ ልጄ፣ አውራውን አትወስድም ነበር?» አሏቸው። «እሷ እኮ አሮጊት ናት። ጥርስህን ትጨርስብሃለች።»

«እየሰረቅኩ ነው እማማ!» አሉ ጋሽ እንድሪስ፣ ዶሮዋ ክንዳቸው ሥር እየጮኸች።

«አየሁህ። ሽንኩርት አለህ?»

ከሰዓት በኋላ እማማ ሽንኩርቱን ራሳቸው ከትፈው ይዘውላቸው ሄዱ። ጋሽ እንድሪስ በዚያ ቀን አለቀሱ ይባላል፤ እማማ ዘሀራ ደግሞ ሽንኩርቱ ነው ይላሉ።

የአጥፊዎችን ጉዳይ የሚከታተለው የሥርዓት ሚዛን ቢሮ ወይዘሪት ማኅደር የምትባል ባለሙያ መደበልን። ወጣት ናት፣ ትምህርቷን በማዕረግ የጨረሰች፣ ጠረጴዛ ስትነካ እንኳ በትሕትና የምትነካ። ሰኔ ላይ ሰብስባን ሰፈራችሁ ታሟል አለችን። አንድ ሰው ሲያጠፋ ጎረቤት ሰበብ የሚያቀርብለት ከሆነ ትክክልና ስሕተት የሚለይበት መስመር ይጠፋል ብላ በሥዕል አሳየችን። ሥዕሉ ያምር ነበር። ስብሰባው ሲያልቅ የቅሬያችን ሰብሳቢ ሐጂ ይማም ተነሥተው አመሰገኗትና «ልጄ፣ ምሳ በልተሻል?» ብለው ጠየቋት።

ነሐሴ ገባ። ጋሽ እንድሪስ አንድም ጥፋት አላስመዘገቡም። ሥጋቸው አልቋል፣ ባርኔጣው እስከ ቅንድባቸው ይወርዳል። ያኔ ነው እንደ እሳቸው ያለ ሰው ብቻ የሚሠራውን ስሕተት የሠሩት። ሕግ አክባሪ ስለሆኑ፣ ሕጉ በአግባቡ አልተፈጸመብኝም ብለው ለቢሮው አቤቱታ ጻፉ። አሥራ ሁለት ገጽ።

ነሐሴ ሃያ አራት፣ እሑድ ጠዋት፣ ወይዘሪት ማኅደር ቅሬውን ሰብስባ አቤቱታውን አነበበችው። ጋሽ እንድሪስ ከፊት ተቀምጠዋል። ምን እንደሚመጣ ያወቁ አይመስለኝም። ፊታቸው ላይ የነበረው ማመልከቻው ተቀባይነት ያገኘ ሰው እፎይታ ነው።

«አመልካች፣ አቶ እንድሪስ ሙሄ» ብላ ጀመረች። «ተከሳሾች፣ አርባ ሦስት የቅሬው አባላት።»

ከዚያ ዝርዝሩን ቀጠለች። አንደኛ ተከሳሽ ሐጂ ይማም፣ አጥራቸውን ሳፈርስባቸው አብረውኝ አፍርሰዋል። ሰባተኛ ተከሳሽ ወይዘሮ ዘሀራ፣ ስሰርቃቸው ሽንኩርት አምጥተዋል። አሥራ ሁለተኛ ተከሳሽ ጸሐፊው አቶ ደምሴ፣ ስሰድባቸው ውሃ አቀብለውኛል። እንዲህ እያለች አርባ ሦስታችንንም በየተራ፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ጠራችን።

ጎረቤት ጎረቤቱን ቢሮ ከሰሰ። ሽማግሌ ሳይልክ፣ በር ሳያንኳኳ፣ «ከፋኝ» ሳይል፣ ደግነታችንን በተራ ቁጥር ጽፎ ለመንግሥት ሰጠ። ይህን ዛሬ ስጽፈው እንኳ ደሜ ይፈላል። ሐጂ ይማም ቀስ ብለው ተነሡ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም ከፍ አላደረጉትም።

«እንድሪስ» አሉ። «በር የለኝም?»

ጋሽ እንድሪስ ባርኔጣቸውን ከቅንድባቸው ገፋ አደረጉ፤ ሐጂ ቀጠሉ።

«ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ነህ። ደጄን አታውቀውም? ይኼን መንገር ያለብህ ለእኔ ነው ወይስ ለዚች ልጅ?»

አንገቴን ሳቀረቅር አምባሬ ቀልቷል። ጎን ለጎን ያሉትን አየሁ፤ ሁሉም ቀልቷል። የእማማ ዘሀራማ ብልጭ ድርግም ይላል። ወይዘሪት ማኅደር አርባ ሦስቱን ቆጥራ በክልሉ ታሪክ እንዲህ ያለ ጥፋት ተመዝግቦ አያውቅም አለች። የነጻነት ወረቀቱን እዚያው ፈርማ ሰጠቻቸው፣ ባርኔጣቸውንም በገዛ እጇ አወረደችላቸው። ያጨበጨበችው እሷ ብቻ ናት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ጋሽ እንድሪስ ነጻ ሰው ናቸው፤ ቅሬው ድንኳን ሊተክልላቸው በሕግ ይችላል። ይችላል እንጂ አይገደድም። በሰርግ ድንኳን የሚተክል፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ ወጥ የሚያማስል በውዴታው የሚመዘገብ ነው፤ መዝገቡ ያለው እኔ ዘንድ ነው፣ አንድም ስም አልሰፈረበትም። እኔም የራሴን አልጻፍኩም። ዳቦ ሰልፍ ላይ ሲመጡ ሰው ገለል አይልላቸውም፤ ተራቸውን ጠብቀው ይቆማሉ። ዓመቱን ሙሉ የፈለጉት ይህንኑ ነበር።

ረምላ አንድ ከሰዓት እኔ ዘንድ መጣች።

«ጋሼ ደምሴ፣ ድንኳኑ ይቅር» አለች። «ሰርጉም በአምስት ሰው ይሁን። አባቴ ግን እህል አልበላም ብሏል። ወረቀቱን እያየ ይውላል።»

«ራሱ ያመጣው ነው» አልኳት። ጨካኝ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ነበርኩ። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ያ ዓመት ጳጉሜ ስድስት የምትሆንበት ነው። የቢሮው የጥፋት መዝገብ የሚዘጋው በስድስተኛዋ ቀን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በስድስተኛዋ ቀን ጠዋት ጋሽ እንድሪስ ድንጋይ ተሸክመው ከቤታቸው ወጡ። ይቅርታ ጠያቂ ድንጋይ ይሸከማል፣ ይህ የአባቶች ደንብ ነው፤ ችግሩ በሰፈራችን ድንጋይ የሚባል የለም፣ ሁሉ ነገር ተነጥፏል። ስለዚህ የሟች ሚስታቸውን የበርበሬ መፍጫ ድንጋይ ነው በትከሻቸው የተሸከሙት። ያ ድንጋይ ቀላል አይደለም። ሦስት ቦታ አርፈው፣ ሐጂ ይማም ደጅ ደርሰው፣ ጎንበስ ብለው ቆሙ። ሰፈሩ ተሰበሰበ።

ወይዘሪት ማኅደርም እየሮጠች መጣች። አንድ ነገር የገባት ከእኛ ቀድሞ ነው።

«እባካችሁ አትታረቁ!» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «መዝገቡ ሳይዘጋ ቁጣው ከጠፋ ጥፋቱ ይሰረዛል! ጋሽ እንድሪስ፣ ነገ ይቅርታ ይጠይቋቸው! አንድ ቀን ብቻ!»

ሐጂ ይማም ፀሐይዋን አይተው፣ ልጅቷን አዩአት። «ነገ ዓመት ይለወጣል ልጄ። ቂም ይዘን ዓመት አንሻገርም።»

«ጥቂት ሰዓት ነው የቀራችሁ! ጥቂት ሰዓት መቀየም ያቅታችኋል?»

ሐጂ ወደ ጋሽ እንድሪስ ዞሩ። «እንድሪስ፣ ልጅቷ ያለችውን ሰምተሃል። አፉ ብለን ይቅር ካልንህ ባርኔጣው ይመለስብሃል። ሹመቱ ይታደሳል። ለልጅህ ድንኳን አንተክልም፣ ሕግ ነው። ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ እንድሪስ። ድንጋዩ ትከሻቸውን ስለተጫናቸው ድምፃቸው ከመሬት የሚወጣ ይመስላል። «ድንኳኑ ባይኖር ረምላ ትዳራለች። እናንተ ሰላም ሳትሉኝ ግን እኔ አላድርም። አፉ በሉኝ።»

እማማ ዘሀራ ቀድመው ድንጋዩን ከትከሻቸው አነሡ። ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው ሴት ያልጠበቅኩት ጉልበት ነው። «አፉ ብለናል» አሉ ሐጂ። አፉ ብለናል አልን ሁላችን፣ እኔም አልኩ፤ አለቀስኩም መሰለኝ። አምባሮቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ ሆኑ። ወይዘሪት ማኅደር በመሣሪያዋ ላይ ተሰርዟል የሚለውን አይታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ጥቂት ቆይታ ተነሥታ ባርኔጣውን ከቦርሳዋ አወጣችና ራሳቸው ላይ ደፋችው። ጋሽ እንድሪስ አመሰገኗት።

መስከረም ስምንት ጠዋት ግቢያቸውን አጥር ላይ ሆኜ አየሁት። የሊማሊሞ ገደል እንኳ እንዲህ ጭር አይልም። አሥር ወንበር ደርድረዋል። አንድ ከኮምቦልቻ የመጣች እህታቸው ለአሥር ሰው የሚሆን ወጥ ጥዳለች። ሙሽራዋ በመስኮት ታያለች። ጋሽ እንድሪስ ባርኔጣቸውን አጥበው፣ ተኩሰው፣ በአዲስ ሱፍ ላይ አድርገውታል።

ቀድሞ የወጣው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ እንከራከራለን። ሐጂ እኔ ነኝ ይላሉ። እኔ ያየሁት እማማ ዘሀራ ከቤታቸው የቅሬውን ትልቁን ድስት እያንከባለሉ ሲመጡ ነው። ከእሳቸው ኋላ ወይዘሮ አስናቀች ጭልፋ ይዘው ወጡ። ከዚያ በሮች ሁሉ ተከፈቱ። አንድም ሰው አልተማከረም፣ ለዚህ እኔ ጸሐፊው ምስክር ነኝ፣ ቃለ ጉባኤ የለውም። እኔ ራሴ ምን እንደነካኝ ሳላውቅ የመጋዘኑን ቁልፍ ይዤ ሄጄ የድንኳኑን ቋሚ በትከሻዬ አወጣሁ። በሃምሳ ደቂቃ ድንኳኑ ቆመ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስድስት ድስት ተጣደ፣ ከበሮው ተመታ፣ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ሲደርስ የሚቆምበት ቦታ አጣ። ጋሽ እንድሪስ በሩ ላይ ቆመው «ተዉ፣ ኧረ ተዉ፣ ሕግ ነው» እያሉ የገባውን ሁሉ ያቅፋሉ።

ወይዘሪት ማኅደር በሰባት ሰዓት መጣች። ድንኳኑ በር ላይ ቆማ ድስቶቹን ቆጠረች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች። የክልሉ ሕግ ግልጽ ነው፤ በአጥፊ ቤት ድንኳን የተከለ፣ ድስት የጣደ ሁሉ በስሙ ፎርም ይሞላበታል። አርባ ሦስት ፎርም። ሥራዋ ስለሆነ አልተቀየምናትም፤ ወንበር ሰጠናት፣ እኔም ጸሐፊ ስለሆንኩ ሰዉን በተራ አሰለፍኩላት። ስም፣ ዕድሜ፣ የጥፋቱ ዓይነት እያለች ወረደችና ከታች አንዲት ጥያቄ ላይ ደረሰች።

«የጥፋቱ ምክንያት» አለች ለእማማ ዘሀራ። «አራት ምርጫ ነው ያለው። ችግር፣ የአስተዳደግ ጉድለት፣ መጥፎ ጓደኛ፣ ወይስ ሌላ?»

እማማ ዘሀራ አሰቡ። ችግር የለባቸውም። አስተዳደጋቸውንማ ማን ደፍሮ ይነካዋል። ከበሮው መሐል፣ ባርኔጣቸው ወደ ጎን ዞሮ፣ ልጃቸውን ይዘው የሚጨፍሩትን ጋሽ እንድሪስን በጭልፋ አመለከቷት።

«መጥፎ ጓደኛ ብለሽ ጻፊ» አሉ።

ሐጂ ይማም ቀጠሉ። «መጥፎ ጓደኛ።» ወይዘሮ አስናቀች ቀጠሉ። ሰልፉ እያለፈ፣ እያንዳንዱ በጣቱ ወደዚያው እያመለከተ፣ መጥፎ ጓደኛ አለ። ጋሽ እንድሪስ ነገሩ ሲገባቸው ጭፈራውን አቆሙ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘው፣ አርባ ሦስት ሰው ተራውን እስኪጨርስ ቆመው ሰሙ፤ እንባቸውንም አልጠረጉትም። እኔ የመጨረሻው ነበርኩ። ወይዘሪት ማኅደር ሳትጠይቀኝ ጻፈችው።